የምረቃ ፎቶ ካርድ ከጅማ፦ ማን ይበሰር? ማን ይጠራ?

የምረቃ ካርድ ሲነሳ አብዛኛው ጂሲ (ተመራቂ ተማሪ) የሚጀምረው ከዲዛይኑ ነው። ጠርዙ ወርቃማ ይሁን አረንጓዴ? ፎቶው ከላይ ይሁን ከጎን? እሱ ይቆይ። ጎበዝ ዲዛይነር ካገኛችሁ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከባዱ ካርዱ ለማን ይሂድ የሚለው ነው።

እኛ ዘንድ ካርድ የደረሰው ሰው "ተጠርቻለሁ" ይላል። የተጠራ ሰው ይመጣል፤ ሲመጣም ባዶ እጁን አይመጣም። ሚዛን ተፈሪ ላለችው አክስት የጥሪ ካርድ ስትልኩ የመንገድና የስጦታ ወጪም አብራችሁ ላካችሁላት። ካልላካችሁ ደግሞ "ልጁ መመረቁን ከሰው ሰማሁ" የሚል ቅያሜ አለ። በዚህ መሃል መውጫው ሁለት ዓይነት ካርድ ማዘጋጀት ነው። አንዱ የምሥራች ካርድ ነው፦ ፎቶ፣ ስም፣ የተመረቃችሁበት ሙያ፣ አጭር የደስታ ቃል። ቀንና የግብዣ ቦታ የለውም። ሌላው የጥሪ ካርድ ነው፤ እሱ ድግሱ ላይ ለሚቀመጡ ሰዎች ብቻ ይሄዳል።

መጀመሪያ ዝርዝሩ፣ ያውም ከእናት ጋር

ደብተር ያዙና ከእናታችሁ ጋር ቁጭ በሉ። ስልካችሁ ውስጥ ያለው የስም ዝርዝር አይበቃም። አንደኛ ክፍል ስትገቡ ደብተር የገዛላችሁን ጎረቤት፣ ስትታመሙ ጤና ጣቢያ ያደረሷችሁን ሰውዬ የምታስታውሰው እሷ ናት። አባትም የራሱ ሰዎች አሉት፤ የሥራ ባልደረባ፣ የእድር ሰብሳቢ፣ የእቁብ ጓደኛ። እነሱን እሱ ይናገር።

ገጹን ለሦስት ክፈሉት። ድግስ ላይ የሚጠሩ፣ የምሥራቹ የሚደርሳቸው፣ እቤታቸው ድረስ በእግር የሚኬድላቸው። ሦስተኛው አጭር ነው ግን አይዘለልም። አያቶች፣ የክርስትና አባትና እናት፣ የሰፈር ሽማግሌ፣ የቁርአን ቤት ኡስታዝ። ለእነሱ በቴሌግራም "ተመርቄያለሁ" ማለት ነውር ነው፣ የፈለገ ቆንጆ ፎቶ ቢኖረው።

ካርድ የሚቆጠረው በቤት ነው፤ ምግብ የሚቆጠረው በሰው ነው። ከእያንዳንዱ ቤት ስም ጎን ስንት ሰው ሊመጣ እንደሚችል በእርሳስ ጻፉ። ማተሚያ ቤት የምትነግሩት ቁጥርና ለወጥ ቤቱ የምትነግሩት ቁጥር ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው።

ጅማ የተማራችሁ ግን ቤተሰቦቻችሁ ደሴ ወይም ሆሳዕና ከሆኑ ነገሩ ይለያል። ወላጅ ለሥነ ሥርዓቱ ጅማ ይመጣል፤ ድግሱ ግን ብዙ ጊዜ አገር ቤት፣ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እንደዚያ ከሆነ ከጅማ የሚወጣው የምሥራች ካርዱ ብቻ ይሁን። የጥሪ ካርዱን ቤተሰብ ቀን ከቆረጠ በኋላ እዚያው አሳትሙት።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። በቅርቡ ሐዘን የደረሰበት ቤት ካለ ካርድ ከመላክ በፊት ሰው ሄዶ ይጠይቅ፤ ጥሪውም በቃል ይሁን። ሌላው የክፍል ጓደኛ ነው። የመውጫ ፈተናው ያልተሳካለት ልጅ በባቹ ግሩፕ ላይ የእናንተን ካርድ ሦስት ጊዜ እንዲያይ አታድርጉት። በግል ላኩ፤ ለእሱ ደግሞ ከካርዱ በፊት ደውሉለት።

ቀኑን ቶሎ አትመኑት

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተናውን 50 ከመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ካላለፈ አይመረቅም። ውጤት ሳይወጣ ካርድ ያሳተመ ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ሰላሙንም አስይዟል። ዲዛይኑን ቀድማችሁ አሠሩ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ዝርዝር ጨርሱ። ህትመቱ ግን ውጤት እስኪወጣና ግቢው የምረቃውን ቀን በማስታወቂያ እስኪያሳውቅ ይጠብቅ። ዶርም ውስጥ የሚወራ ቀን ቀን አይደለም።

የምሥራች ካርዱ እዚህ ላይ ይመቻል። "ሐምሌ 2018 ዓ.ም" የሚል ወርና ዓመት ይበቃዋል። ምረቃው በሳምንት ቢገፋም አይበላሽም።

የድግሱን ቀን ስትቆርጡ የሦስት ሰዎችን አቆጣጠር አስቡ። የሐዋርያት ጾም፣ ማለትም የሰኔ ጾም፣ ከጰራቅሊጦስ ማግስት ይጀምርና ሐምሌ 5 ይፈታል። በ2018 ሐምሌ 4 ቅዳሜ ነው፣ ሐምሌ 5 እሁድ ነው። ቅዳሜ የደገሰ ሽሮና አትክልት ያስባል፤ እሁድ የደገሰ በግ ያስባል። አርብ ከሆነ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ የጁምዓ ሰላት አለና ምሳውን ከዚያ በኋላ አድርጉት። ውጭ አገር ላለ ዘመድ ደግሞ በፈረንጆቹ ቀንና ሰዓት ጻፉለት። የሰኔና የሐምሌ ቀላል ነው፦ 7 መደመር። ሐምሌ 4 ጁላይ 11 ነው። ከሰኔ 23 እና ከሐምሌ 24 በኋላ ግን ወሩ ይዞራል፤ ያኔ ካላንደር ክፈቱ። "ከቀኑ 6 ሰዓት" ብላችሁ ለአትላንታ ከላካችሁም አጎት ከጠዋቱ ስድስት ሰዓት መስሎት በቪዲዮ ሊደውል ይነሳል።

ከማሳተማችሁ በፊት ዕለቱና ቀኑ መግጠማቸውን አንድ ጊዜ እዩ። "ቅዳሜ ሐምሌ 5" የሚል ካርድ ግማሹን እንግዳ በዋዜማው ያመጣባችኋል።

ፎቶው

ጅማ ሰኔና ሐምሌ ዝናቧ ቀልድ አያውቅም። ጠዋት ብራ ሆኖ ከሰዓት ይወርዳል። የምረቃ ዕለት ራሱ ደግሞ ግርግር ነው፤ አበባ ሻጩ፣ ዘመዱ፣ ጭቃው። ስለዚህ የካርዱን ፎቶ ከምረቃው ቀን ጋር አታያይዙት። ጋዋኑ እጃችሁ እንደገባ፣ ካልገባም ከፎቶ ቤት ተከራይታችሁ፣ ቀደም ብላችሁ ተነሱ። የምትከራዩት ጋዋን ቀለሙና ስካርፉ ከእናንተ ኮሌጅ ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። ዘመድ ባያውቀው የክፍል ልጆች ያውቁታል።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ይሁን፤ ወይም ዝናቡ ከሰጠ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ። ቀትር ላይ ከተነሳችሁ የቆቡ ጠርዝ ዓይናችሁ ላይ ጥላ ይጥላል፤ ፎቶው ላይ አገጭና ጥርስ ብቻ ይቀራል። ግድ ቀትር ከሆነ ዛፍ ወይም በረንዳ ጥላ ውስጥ ግቡና ፊታችሁን ወደ ብርሃኑ አዙሩ። ቆቡንም ወደ ኋላ ሸርተት አታድርጉት፤ ግንባር ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ እናንተ አገጫችሁን ትንሽ ቀና አድርጉ።

በስልክ የምትነሱ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ ያዙ። ጥቁር ጋዋንና ነጭ ሰማይ አንድ ላይ ሲሆኑ ካሜራው ግራ ይጋባና ፊትን ያጠቁራል። ስክሪኑ ላይ ፊት ላይ ነካ አድርጉ፤ ብርሃኑን በፊት ይለካል። ከጀርባ ሰማይ ሳይሆን ቅጠል ወይም ግድግዳ ይሁን። ሌንሱንም በንጹህ ጨርቅ ጥረጉት፤ ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ ሁሉንም ፎቶ ጉም ያስመስለዋል።

ቦታ ጅማ ላይ አይቸግርም። የጅሬኑ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከእንጨት የተሠሩት በረንዳዎቹ ለፎቶ የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ ኮረብታው ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ግን ክፍት መሆኑንና ፎቶ መፈቀዱን ጠይቁ። የእርሻ ኮሌጅ ልጆች ቡና ዛፍ ሥር ቢነሱ ያምርባቸዋል፣ ሙያቸውም ነው። ቂጦ ፉርዲሳ ያላችሁ የቴክኖሎጂ ልጆች እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ ጨርሱ፤ ጋዋን ለብሶ ባጃጅ ላይ መንገላታት ጋዋኑንም ያኮማትራል።

ቢያንስ ሦስት ዓይነት ፎቶ ይኑራችሁ። አንድ ብቻችሁን ከወገብ በላይ፣ አንድ ብቻችሁን ሙሉ ቁመት፣ አንድ ከወላጆቻችሁ ጋር። ከወላጅ ጋር ያለው ለምሥራች ካርዱ የተሻለ ነው ባይ ነኝ። የአባት ዘመዶች የሚያውቁት አባትን ነው። ልጁን ካዩት አሥር ዓመት ሊሆናቸው ይችላል። እናት የሀገር ልብስ ለብሳ፣ ቆቡን እሷ ራስ ላይ አድርጋችሁ የተነሳችሁት ፎቶ ደግሞ ዘመዶች ከሁሉም በላይ የሚወዱት ነው።

ኤዲት ላይ ለፎቶ ቤቱ ልጅ አስቀድማችሁ ንገሩት፦ ፊት አታንጣ። ብዙዎቹ ሳይጠየቁ ያነጣሉ። አያታችሁ ካርዱን አገላብጣ "ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?" እንድትል አትፈልጉም። ከጀርባ ያለ ቆሻሻ ማጥፋት፣ ብርሃን ማስተካከል ይበቃል።

ጽሑፉ

አጭር ይሁን። የምሥራች ካርድ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

"ልጃችን (ሙሉ ስም) ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በነርሲንግ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቃለች። ለዚህ ላበቃን ፈጣሪ ምስጋና ይግባው። በጸሎታችሁም በዱዓችሁም ከጎናችን ነበራችሁና የምሥራቹን እንካፈል ብለን ይህን ፎቶ ልከንላችኋል። አባቷ (ስም)፣ እናቷ (ስም)። ጅማ፣ ሐምሌ 2018 ዓ.ም"

ተናጋሪዎቹ ወላጆች መሆናቸውን ልብ በሉ። ለትልልቅ ሰዎች የሚሄድ ካርድ በወላጅ ስም ቢወጣ ክብር አለው፤ ለጓደኛ የሚሄደውን በራሳችሁ ስም፣ እንደፈለጋችሁ ቀለል አድርጋችሁ ጻፉት። "በጸሎታችሁም በዱዓችሁም" ያልኩት ጅማ ውስጥ የአንድ ቤት ዘመድ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ስለሚሄድ ነው። የእናንተ ቤት አንድ ዓይነት ከሆነ አንዱን አስቀሩት።

የጥሪ ካርዱ ላይ የሚጨመረው ይሄ ነው፦

"እሁድ ሐምሌ 5 ቀን 2018 ዓ.ም ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ በመኖሪያ ቤታችን ባዘጋጀነው የምሳ ግብዣ ላይ ተገኝታችሁ የደስታችን ተካፋይ እንድትሆኑ በአክብሮት ጠርተናችኋል።"

ከሥሩ አድራሻ። የቤት ቁጥር ማንም አይፈልግም፤ ምልክት ጻፉ። "ፈረንጅ አራዳ፣ ከእንትን ፋርማሲ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር" ከሚል አድራሻ የተሻለ የለም። አንድ ስልክ ቁጥር ብቻ አስቀምጡ፤ ያውም የተመራቂዋ ሳይሆን በዚያ ቀን ሥራ የማይበዛበት ወንድም ወይም አጎት ስልክ ይሁን። ካርድ ከእጅ እጅ ይዞራል፣ ቴሌግራም ላይ ሲወጣ ደግሞ ማን እንደሚያየው አይታወቅም። የመታወቂያ ቁጥርና የዲግሪውን ፎቶ ካርዱ ላይ ማውጣት በጭራሽ አይገባም። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ማተም እየተለመደ መጥቷል፤ ለእኔ ግን ግብዣውን ደረሰኝ ያስመስለዋል።

የተቋሙን ስም ሙሉውን ጻፉ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ1992 ዓ.ም የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው ስለሆነ ትልልቆቹ ዘመዶች ዛሬም "ጅማ ጤና" "ጅማ እርሻ" ይላሉ። በአፍ እንዲያ በሏቸው፤ ካርዱ ላይ ግን አሁን የሚጠራበት ስም ይውጣ። "በማዕረግ" የሚለውንም ሬጅስትራር ሳያረጋግጥ አትጨምሩ።

ካርዱን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ማድረግ ጅማ ላይ የተለመደ ነው፤ አንዱ ገጽ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው። ከአንዱ ወደ ሌላው ቃል በቃል አታስተርጉሙት። አፋን ኦሮሞውን በደንብ የሚጽፍ ሰው እንደ አዲስ ይጻፈው፤ በቁቤ አናባቢ መደገሙና አለመደገሙ ድምፁን ይለውጠዋል፣ ስም ላይ ሲሳሳት ደግሞ ያስቀይማል። የአባትና የእናትን ስም ከነማዕረጉ ራሳቸውን ጠይቁ። ሐጂ የሆነን ሰው "አቶ" ብሎ ማተም ካርድ ሙሉ ያስጥላል።

ማተሚያ ቤት

ፎቶውን ለዲዛይነሩ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ የተላከ ይጨመቃል። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ካርድ ጥርት ብሎ እንዲወጣ ፎቶው በግምት 1200 በ1800 ፒክስል ያስፈልገዋል። ከፌስቡክ ላይ ያወረዳችሁትን ፎቶማ ተዉት።

ፎቶ ላለበት ካርድ ወፈር ያለ አርት ፔፐር ጠይቁ፤ ከ250 እስከ 300 ግራም ያለው አይተጣጠፍም። ቁጥሩ ጥቂት ከሆነ ዲጂታል ህትመት ይበቃል። ብዙ መቶ ከሆነ ኦፍሴት ለአንዱ ካርድ ሲሰላ ይረክሳል። የምሥራች ካርዱን ደግሞ ማተሚያ ቤት ሳትሄዱ ፎቶ ቤት ላይ እንደ ተራ ፎቶ ማሳጠብ ትችላላችሁ፦ ዲዛይነሩ ጽሑፉን ፎቶው ላይ ያስገባዋል፣ በፎቶ ወረቀት ይታጠባል። ሰውም አልበም ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ጽሑፍና ፊት ከጠርዙ ትንሽ ገባ ይበሉ፤ ከየአቅጣጫው 3 ሚሊ ሜትር በመቁረጫው ሊሄድ ይችላል። ሙሉውን ከማስወጣታችሁ በፊት አንድ ናሙና በወረቀት አስወጡና ወደ ቤት ውሰዱት። ስክሪን ላይ የሚያበራ ቀለም ወረቀት ላይ ደብዘዝ ይላል፣ ጥቁር ጋዋን ላይ ደግሞ ይብሳል። ናሙናውን ዲዛይኑን ያላየ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው። የፊደል ግድፈት ከታተመ በኋላ የሚያየው ሁልጊዜ ጎረቤት ነው።

ቀብድ ስትከፍሉ የርክክቡ ቀን ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ከምትፈልጉበት ቀን ቢያንስ አራት አምስት ቀን ቀድማችሁ ቅጠሩ። ከዝርዝሩ ላይ ትንሽ ጨምራችሁ አሳትሙ። የተረሳ ሰው አይጠፋም።

መላክ

የምሥራች ካርዱ ከምረቃው በኋላ በሳምንቱ ውስጥ ይውጣ። የጥሪ ካርዱ ከድግሱ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢደርስ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ከቀደመ ይረሳል፣ ከዘገየ "ጎደሎ ሊሞሉብን ነው" ይባላል።

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። መጀመሪያ በእግር የሚኬድላቸው፣ ቀጥሎ በሰው እጅ የሚላክላቸው፣ መጨረሻ ላይ ቴሌግራምና ፌስቡክ። ፎቶውን ማታ ፖስት አድርጋችሁ ጠዋት አያት ቤት ካርድ ይዛችሁ ብትሄዱ አያት ቀድመው ሰምተዋል። የጎረቤት ልጅ ስልክ አሳይቷቸዋል።

ሽማግሌ ቤት ስትሄዱ ፖስታውን በሁለት እጅ ስጡ፣ ቁጭ በሉ፣ ቡና ከተፈላ ጠጡ፣ ምርቃቱን ተቀበሉ። በችኮላ በበር ላይ የሚሰጥ ካርድ ባይሰጥ ይሻላል። በዚያው ድግሱ ላይ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ እንደሚዘጋጅ በቃል ንገሩ፤ ካርድ ላይ ማተም አያስፈልግም፣ መስማቱ ግን ሰውን ያረጋጋል።

ለገጠር ዘመዶች የሐሙስ ገበያ ጥሩ ፖስታ ቤት ነው። ከዙሪያው ቀበሌ የሚመጣ ሰው አይጠፋምና እናት በማን እጅ እንደሚላክ ታውቃለች። አጋሮ፣ ሰቃ፣ ዴዶ፣ ሊሙ ላሉት ደግሞ መናኸሪያ ሄዳችሁ ለሾፌር ወይም ለረዳት መስጠት ይቻላል። ፖስታው ላይ የተቀባዩን ስም፣ የሚወርድበትን ቦታና ስልክ በትልቁ ጻፉ። በፌስታል ጠቅልሉት፣ ዝናብ ነው። የመኪናውን ታርጋ በስልካችሁ አንሱና ለተቀባዩ ላኩለት፤ እሱ ወርዶ ይጠብቃል። መላኪያውን እዚህ ክፈሉ። የምሥራች ተቀባይን ማስከፈል ደስ አይልም።

ውጭ ላሉት ሶፍት ኮፒው ይበቃል፤ እንደ ፋይል ላኩላቸው፣ ከፈለጉ እዚያ ያሳጥቡታል። ከፎቶው ጋር በድምፅ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። ለሃምሳ ሰው የተላከ አንድ ጽሑፍ ለሃምሳ ሰው እንደተላከ ያስታውቃል። ስማቸውን መጥራት ብቻ እንኳን ነገሩን ይለውጠዋል።

ለእያንዳንዱ የጥሪ ካርድ ደብተሩ ላይ "ደረሰ" የሚል ምልክት አድርጉ። ካርዱ ከደረሰ ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ ስልክ መምታት ያስፈልጋል፤ ባህላችን "አልመጣም" ብሎ መመለስ ላይ ሰነፍ ነው። "ካርዱ ደረሳችሁ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ እንጂ "ትመጣላችሁ ወይ?" አትበሉ። የሚመጣው ራሱ ይናገራል። የማይመጣው ምክንያቱን ይጀምራል፤ እርሳሱን አንሱና ከወጥ ቤቱ ቁጥር ላይ ቀንሱ።

ድግሱ ካለፈ በኋላ ደብተሩን አትጣሉት። ስጦታ ያመጣውንና የላከውን በዚያው ጻፉ፤ እናታችሁ የእነሱ ልጅ ሲመረቅ ትፈልገዋለች። ለመጡት ደግሞ ከእንግዶቹ ጋር የተነሳችሁትን ፎቶ ለየሰዉ ለይታችሁ ላኩ። መቶ ሃምሳ ፎቶ አንድ ላይ ግሩፕ ውስጥ ብትጥሉት እትዬ የራሳቸውን ለማግኘት የልጃቸውን ዳታ ይጨርሳሉ።